ስሙን የለወጠ ጢስና የሳንባ ጤና

የሰው ልጅ ያለ ምግብ ብዙ ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ያለ አየር ግን ለጥቂት ደቂቃ ስንኳ መኖር አይሆንለትም። ፈጣሪ አዳምን ከምድር ዐፈር ካበጀው በኋላ ነፍስ ያለው ፍጡር ያደረገው በእስትንፋስ መሆኑን መጻሕፍት ያስተምራሉ። ለዚህ እስትንፋስ ማደሪያ ይሆን ዘንድ የተሰጠው ብልት ሳንባ ነው። ሆድ የማይስማማውን ነገር ሲያገኝ ይመልሰዋል፤ ሳንባ ግን ከገባበት ክፉ ነገር ጥቂቱን በሳል ቢያወጣ የቀረው በውስጡ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ይጐዳዋል። እንግዲህ ለሆዱ የሚገባውን ምግብ መርምሮ የሚቀበል ሰው ለሳንባው የሚገባውን አየር ሳይመረምር ቢቀር፥ ታላቁን ትቶ ታናሹን የጠበቀ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ትምባሆ መልካም ስም ኖሮት አያውቅም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንዋን ከትምባሆ ስትከለክል ኖራለች። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመነ መንግሥታቸው ትምባሆ የሚያጨሰውንና ሱረት የሚስበውን በብርቱ ይቀጡ እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነው። በወላይታ አገርም ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምረው የተስፋፉት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተከታዮቻቸው ትምባሆንና ስካርን እንዲተዉ አጥብቀው አስተማሩ። በዚህ ምክንያት ከአንድ ትውልድ ወደ አንድ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው ጥላቻ ሕዝቡን እንደ አጥር ጠብቆታል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የትምባሆ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ብቻ መሆናቸውን አስረድቷል፤ ከወንዶች 8.1፥ ከሴቶች 1.8 ከመቶ ማለት ነው። ይህ ቍጥር ከብዙ አገሮች ቍጥር እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ በዚህ ነገር የጠፋውን ለመመለስ ከመድከሟ በፊት ገና ያልጠፋውን ለመጠበቅ የምትችልበት ጊዜ አላት።

ዳሩ ግን አጥሩ የተሠራው ለሚታወቀው ትምባሆ ነው። ዛሬ በዚህ አጥር የሚሾልከው ጢስ ስሙን የለወጠ ነው። ትምባሆ ነው ቢባል የሚሸሸው ወጣት፥ ሺሻ ነው ሲባል ይቀርባል፤ ሲጃራ ነው ቢባል የሚቈጣው አባት፥ የኤሌክትሮኒክ ሲጃራ በእጁ ቢይዘው እንኳ የጽሕፈት ዕቃ ይመስለው ይሆናል። በእውነቱ ግን ለጢስ አዲስ ስም ማውጣት ጢሱን አዲስ አያደርገውም።

የወላይታ ሽማግሌዎች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ሊያስረዱ ይችላሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ጋያ የሚባል የትምባሆ ማጨሻ አለ። ቅሉ ውሃ ይሞላል፤ በላዩ የሸክላ ራስ ይተከላል፤ ትምባሆው በፍም እየነደደ ጢሱ በውሃው ውስጥ አልፎ በመቃ ይሳባል። ከዐረብ አገር የመጣው ሺሻም ሥራው ከዚህ አይለይም። ቅሉ በብርጭቆ፥ መቃው በረጅም ቱቦ ተለወጠ፤ ትምባሆው በስኳር ዝቃጭና በፍራፍሬ ሽታ ተለወሰ፤ ውሃው፥ ፍሙና ጢሱ ግን ያው ናቸው። እንግዲህ የአያቱን ጋያ እንደ ኋላ ቀርነት ቈጥሮ የሚንቅ ወጣት፥ ሺሻን እንደ ሥልጣኔ ቈጥሮ ቢስብ የናቀውን መልሶ ማንሣቱን አያውቅም።

ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጣ ከአርባ ምንጭ፥ ከሆሳዕናና ከሻሸመኔ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም የአስተዳደር መቀመጫው አድርጓታል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርስቲ ከየአገሩ ብዙ ወጣቶች ይሰበስባል። የወላይታ ገጠር ሕዝቡ የበዛበት መሬቱም የጠበበበት በመሆኑ፥ ብዙ ልጆች ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደው ጫማ እየጠረጉ፥ ሎተሪ እያዞሩ፥ በደረታቸው በተሸከሙት ሣጥን ማስቲካና ሲጃራ እየቸረቸሩ ይኖራሉ። መንገድ ዕውቀትንና ሸቀጥን እንደሚያመጣ ሁሉ ልማድንም ያመጣል። በታላላቆቹ ከተሞች በጫት ቤትና በሌሊት መጠጥ ቤት የተለመደው ሺሻ እንደ ሶዶ፥ እንደ ቦዲቲና እንደ አረካ ባሉት ከተሞች ወጣቶች ፊት መቅረቡ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የሚያስደንቀው መቅረቡን እያወቁ ዝም ማለት ነው።

ሺሻ የሚስቡ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ውሃው መርዙን ያጥበዋል የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያነጻውም፤ ስለ ቀዘቀዘም ጕሮሮን ስለማይለበልብ ሰውየው ይበልጥ በጥልቅ ይስበዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ባወጣው ማሳሰቢያ፥ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሺሻ ሲስብ ወደ ውስጡ የሚያስገባው የጢስ ብዛት ከአንድ ሲጃራ ጢስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ እንደሚደርስ ገልጿል። ከዚህም በላይ በሺሻው ራስ ላይ የሚቀመጠው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣል። ይህ አየር በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አጭሶ የተኛ ሰው ሞቶ እንዲያድር የሚያደርገው ነው። የከሰልን ጢስ ክፋት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የሚፈራውን ከሰል ወዶ በአፉ ሲስበው ይታያል።

ሁለተኛው ምክንያት የጓደኛ መጫወቻ ነው የሚል ነው። አንዱ የሳበበትን ቱቦ ሌላው ተቀብሎ ሲስብ የወዳጅነት ምልክት ይመስላል። ነገር ግን በቱቦው ላይ ከምራቅ ጋራ በሽታም ሊተላለፍ ይችላል። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ መሆኗ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ አገር በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆኖ ተቀምጦ፥ እየሳሉ አንዱን ቱቦ መቀባበል ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራም ተመሳሳይ ማታለያ ይነገራል። ቅጠል አይነድበትም፥ አመድ የለውም፥ ስለዚህ ጕዳት የለውም ይባላል። ዕቃው በባትሪ ኀይል ፈሳሽን አግሎ ወደ እንፋሎት የሚለውጥ ነው፤ በብዙው ፈሳሽ ውስጥም የትምባሆ ሱስ ሥር የሆነው ኒኮቲን አለበት። ይህ ዕቃ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከሰሜን አሜሪካ የተገኘው ታሪክ ያስተምራል።

በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል 8 ወጣቶች ሳንባቸው በብርቱ ተጐድቶ ተኙ። ከዚህ በፊት ጤነኞች ነበሩ። እንዲህ ያሉት ሕመምተኞች ሳል፥ የትንፋሽ ማጠር፥ የደረት ውጋት፥ ትኵሳትና ማስታወክ ይታይባቸው፥ ከሰውነታቸውም ይከሱ ነበር፤ ለተላላፊ በሽታ የተደረገላቸው ምርመራ ግን ምክንያቱን ሊገልጥ አልቻለም። ሐኪሞቹ ስለ ኑሯቸው ጠይቀው ሁሉም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንፋሎት ይስቡ እንደ ነበር ተረዱ። ይህንንም ለጤና ሹማምንት አስታወቁ። ወዲያው በጎረቤት ክፍለ ግዛት በኢሊኖይ፥ በኋላም በአገሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ተገኘ። እስከ የካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ድረስ ሆስፒታል የገቡትና የሞቱት 2,807 ሰዎች ተቈጠሩ፤ ከነዚህም ውስጥ 68ቱ ሞቱ። ከሕመምተኞቹ የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ነበረ።

ምክንያቱም ተመረመረ። ከ51 ሕመምተኞች ሳንባ በተወሰደው ፈሳሽ ላይ በተደረገው ምርመራ በ48ቱ ውስጥ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ዘይት ተገኘ፤ ለማነጻጸሪያ በተመረመሩት 99 ጤነኞች ውስጥ ግን አልተገኘም። እውነቱን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለመናገር፥ ይህ ዘይት በብዛት የተገኘው ነጋዴዎች በድብቅ በሚሸጡት ከሐሺሽ በወጣው ፈሳሽ ውስጥ ነው እንጂ በኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ሁሉ ውስጥ አይደለም። ነገር ግን ትምህርቱ ከዚህ ላይ ነው። ይህ ዘይት በቅባት ተደርጎ በቆዳ ላይ ሲቀባ አይጐዳም፤ ሳንባ ሲገባ ግን ገደለ። ለቆዳና ለሆድ የተስማማው ሁሉ ለሳንባ እንደማይስማማ በብዙ ወጣቶች ሕይወት ተፈተነ። የሚስበውም ሰው በዕቃው ውስጥ የተጨመረውን ነገር ሊያውቅ አልቻለም። የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በበረታበት አገር እንዲህ ከሆነ፥ ስሙና አገሩ ያልታወቀ ዕቃ በሻንጣ ተደብቆ በሚገባበት አገር እንዴት ይሆን?

አንዳንድ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ሲጃራ ለማቆም ለሚፈልግ ሰው ይህን ዕቃ ይፈቅዱለታል በማለት ይከራከራሉ። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ የሚፈቀደው ለብዙ ዘመን በሲጃራ ለተያዘ ዐዋቂ፥ ከከፋው ወደ ተሻለው እንዲሸጋገር ነው። ከመቶ 95ቱ ትምባሆ በማይነኩበት አገር፥ ከቶ አጭሶ ለማያውቅ የሶዶ ተማሪ ይህን ዕቃ መስጠት ከጤና ወደ ሱስ ማሸጋገር ነው። የታመመ ሰው የሚደገፍበትን ምርኵዝ ለጤነኛ ሰው ሰጥቶ እንዲያነክስ ማስተማር ጥበብ አይባልም።

ከአሜሪካው ታሪክ ለወላይታና ለኢትዮጵያ ሁሉ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ግን የቍጥሩ ብዛት አይደለም። ዋናው ነገር በሽታው የታወቀበት መንገድ ነው። በሽታው የታወቀው ሐኪም ስለ ጠየቀ፥ ሕመምተኛ እውነቱን ስለ ተናገረ፥ የተነገረውም ስለ ተጻፈና ስለ ተሰበሰበ ነው። ምክንያቱ ታውቆ ለሕዝብ ከተነገረ በኋላ የአዳዲሶቹ ሕመምተኞች ቍጥር ከመስከረም 2012 ዓ.ም. በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ሕመምተኞቹ እያንዳንዳቸው በየአልጋቸው ብቻቸውን ታመው ይቀሩ ነበር እንጂ በሽታው ስም አያገኝም ነበር።

እንግዲህ ሳል፥ ትኵሳት፥ መክሳትና የደረት ውጋት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን የወላይታ ወጣት ማሰብ ይገባል። እነዚህ ምልክቶች የሳንባ ነቀርሳ ምልክቶች ናቸው፤ ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ነቀርሳን መጠርጠሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አክታው ተመርምሮ ነቀርሳ ባይገኝበት፥ ለሳንባ ምች የተሰጠውም መድኃኒት ባያሽለው፥ ጥያቄው በዚህ ሊቆም አይገባውም። ወጣቱ ያደገው ምናልባት የማገዶ ጢስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ነው፤ በዚህ ላይ ሺሻ ወይም ሌላ ጢስ ቢጨመርበት ሳንባው ሁለት ሸክም ተሸክሟል። ታጨሳለህን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሺሻን እንደ ማጨስ ስለማይቈጥረው፥ አላጨስም ብሎ ይመልሳል፤ ይህንንም ሲል መዋሸቱ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው በየስሙ ሊሆን ይገባል፤ ሲጃራን፥ ጋያን፥ ሺሻን፥ የኤሌክትሮኒክ ሲጃራን፥ ሐሺሽን እየለዩ መጠየቅና መልሱን በካርዱ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ ወይም አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና አንድ መሥመር ቀለም ይበቃል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርስቲ የሚያስተምርበት ሆስፒታል ስላለው፥ ይህ ልማድ ከተማሪዎቹ ሐኪሞች ቢጀምር በየወረዳው ለመስፋፋት ይመቸዋል።

ሐኪም ቢጠይቅም ሕመምተኛው ቢደብቅ ግን ጥያቄው ፍሬ አያገኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሎ የተተረተው ለዚህ ነው። ወጣቱ የሚደብቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ሺሻ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ እንዳይከሰስ ይፈራል፤ ሁለተኛም በቤተ ክርስቲያንና በቤተ ዘመድ ፊት እንዳያፍር ይፈራል። ስለዚህ ለሐኪም የተነገረው ምስጢር በሐኪም ዘንድ እንደሚቀር መረጋገጥ አለበት። አባቶችና እናቶችም ልጃቸው እውነቱን ሲነግራቸው ወዲያው ከመርገምና ከማባረር ይልቅ ወደ ሕክምና ቢወስዱት ልጁን ያተርፉታል። የተባረረ ልጅ መጠጊያ የሚያገኘው ከዚያው ከሺሻው ቤት ነውና።

ሕጉን በሚመለከት የጐደለ ነገር ያለ አይመስልም። ኢትዮጵያ የዓለም የጤና ድርጅትን የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ቀጥሎም በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112ን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ ሕዝብ በሚሰበሰብበትና ሥራ በሚሠራበት ቤት ውስጥ ማጨስ ተከለከለ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥ ተከለከለ፤ የትምባሆ ማስታወቂያ ተከለከለ፤ በትምባሆ ማሸጊያ ላይ ከፊትና ከኋላ 70 ከመቶ የሚሆነው ቦታ ጕዳቱን በሥዕል የሚያስጠነቅቅ እንዲሆን ታዘዘ፤ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጃራም እንዳይሸጡ ተከለከሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ይህ አዋጅ የወጣው የአሜሪካው በሽታ ከመታወቁ ከስድስት ወር ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። ሌሎች አገሮች ልጆቻቸው ከሞቱ በኋላ የመከሩበትን ነገር ኢትዮጵያ አስቀድማ በሕግ ዘግታዋለች። ይህም የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ነገር ግን የአዋጅ ክብሩ በመፈጸሙ ነው። በአዲስ አበባ ፖሊስ የሺሻ ዕቃ እየያዘ ሲያስወግድ በየጊዜው ተሰምቷል፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ዕቃው ሲቃጠል ልማዱ አብሮ አይቃጠልም። ዛሬ የተዘጋው ቤት ነገ በሌላ ሰፈር በጓሮ በኩል ይከፈታል። ይህ እንዳይሆን ማስከበሩ በዓመት አንድ ጊዜ በዘመቻ የሚደረግ ሳይሆን የየዕለት ሥራ መሆን አለበት። ቤቱን ለሺሻ የሚያከራይ ሰው ከሻጩ ጋራ በአንድነት ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ኪራዩ የሚከፈለው ከወጣቶቹ ሳንባ መሆኑን ያውቃልና። ሕግ አስከባሪውም ዐይኑን በሚስበው ልጅ ላይ ከማድረግ ይልቅ በሚሸጠው ነጋዴ ላይ ቢያደርግ፥ ልጁ ሕክምና ለመፈለግ አይፈራም።

ሌላም በቀላሉ የማይታይ ቀዳዳ አለ። በማሸጊያው ላይ የተሣለውን ማስጠንቀቂያ የሚያየው ማሸጊያውን የሚገዛ ሰው ነው። በመንገድ ላይ ሲጃራ በፍሬ የሚገዛ ወጣት ሥዕሉን አያየውም፤ በሺሻው ራስ ላይ የሚቀመጠው ትምባሆም ማሸጊያው በጓዳ ይቀራል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ ሲጃራውን በፍሬ ከሚቸረችሩት መካከል ዕድሜያቸው ለመግዛት ስንኳ ያልደረሰ ልጆች መኖራቸው ነው። እነዚህን ልጆች ሣጥናቸውን ቀምቶ ማባረር ሌላ ችግር ላይ መጣል ነው፤ ሣጥኑ ማስቲካና ብስኵት፥ መሐረብና መርፌ ክር እንዲይዝ ማድረግና የሚማሩበትን የማታ ትምህርት ቤት ማስፋት ግን ለልጁም ለገዢውም ይበጃል።

በመጨረሻም ሕግና ሕክምና ብቻቸውን የማይደርሱበት ቦታ አለ፤ ይኸውም የሰው ልብ ነው። በዚህ ረገድ ወላይታ ብዙ አገሮች የሌላቸው ሀብት አላት። የአገር ሽማግሌዎች ይከበራሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት በሕዝብ የተሞሉ ናቸው፤ በየዓመቱ በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ሲደርስ በየከተማው ተበትነው የሚኖሩት ልጆች ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው ከአባቶቻቸው ጋራ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ጊፋታ አሮጌው ዓመት የሚሸኝበትና የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ነው። ከአዲስ አበባ የተመለሰው ልጅ ምን ገንዘብ ይዞ እንደ መጣ የሚጠይቅ አባት፥ ምን ልማድ ይዞ እንደ መጣም በፍቅር ቢጠይቀው ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ሰባኪውም በመድረክ ላይ ትምባሆ ኀጢአት ነው ብሎ ሲያስተምር፥ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጃራ የትምባሆ ወንድሞች መሆናቸውን በስማቸው እየጠራ ቢነግር፥ ስሙን ለውጦ የገባው ጢስ መደበቂያ ያጣል።

አንዳንዱ በቅል፥ አንዳንዱ በብርጭቆ፥ አንዳንዱም በባትሪ ይመጣል፤ ነገር ግን እሳት ካየው ምን ለየው? የሚቀበለው ያው አንድ ሳንባ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ ከመቶ 5 ሰው ብቻ የሚጠቀምበትን ክፉ ነገር ከመቶ 20 ወይም 30 ከደረሰ በኋላ ልዋጋው ብትል ሆስፒታሎቿም ገንዘቧም አይበቁም። ስለዚህ ሐኪም በየስሙ እየለየ ይጠይቅ፤ ወጣቱ ሳይፈራ ይናገር፤ ወላጅ በትዕግሥት ይስማ፤ ሹም አዋጁን በየዕለቱ ያስፈጽም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል፤ የወላይታ ወጣቶች ሳንባ ገና አልተቃጠለምና ቅጠሉን ማንሣት የሚገባው ዛሬ ነው።